የመጋቢት መባቻ ጫጩቶች

ጥር 5 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ይህ ወረቀት ቤትህ ሞልቶ፣ ደጅህ ሰላም ሆኖ ያግኝህ። ሚስትህን ሳምልኝ፤ የትንሿን ልጅህን ጉንጭ ደግሞ ቆንጠጥ አድርግልኝ። እኛ ጋ ጤና አለ። አባትህ ጉልበቱን ያመዋል። "ስነዳ አያመኝም፣ ስቀመጥ ነው የሚያመኝ" ይላል። ቆሞ የሚነዳ ይመስል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። የንግድ ነገር በስልክ ማውራት እንደማልወድ ታውቃለህ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ "የንግድ ነገር በጽሑፍ፣ የለቅሶ ነገር በአካል" ይል ነበር። እሱ ከሞተ በኋላም እኔ በዚያው ነኝ።

ሬዲዮው አገራችን እናንተ ካላችሁበት የንግድ ኅብረት የምትወጣው በየካቲት መጨረሻ ነው ይላል። ከእናንተ ጋር ከተስማማን በስምምነት፣ ካልተስማማን ያለ ስምምነት። ይህን ስሰማ ሦስተኛዬ ነው። አምና ሲያስፈራሩን ፈርቼ መፈልፈያ ማሽኑን ባዶውን አቆምኩት፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል አራዘሙት። ከስድስት ወር በኋላ ደግመው አስፈራሩን፤ ደግሜ ፈራሁ፤ ደግመው አራዘሙት። አንተንም ሁለት ጊዜ ደንበኞችህ ፊት አሳፈርኩህ። ዶሮዎቼ ደግሞ ሬዲዮ ሰምተው መብላት አይተዉም።

ለሦስተኛ ጊዜ አልሞኝም። ዘንድሮ ማሽኑን ሙሉ በሙሉ እሞላዋለሁ። የምጠይቅህ መቼ ላስገባ ብዬ ነው። መልስህ እንደደረሰኝ ካስገባሁ በሦስት ሳምንት፣ የካቲት አጋማሽ ላይ ይፈለፈላሉ። በወጡበት ዕለት አባትህ ጭኖ ኬላውን ያልፋል። የሬዲዮው ቀን ሲደርስ እነሱ አንተ ቤት ሰጋቱራ እየጫሩ ናቸው። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልንገርህ። ይህም ወቅት ባዶውን ካለፈ የዘር ዶሮዎቼን ለሥጋ ነጋዴ እሰጣለሁ። መኖ የምገዛበት አይኖረኝም። እዚህ ያለው አርቢ ሁሉ የሚፈልገው ነጩን የሥጋ ዶሮ ነው፤ ቀዩን የእንቁላል ዘር የሚወስድ ከእናንተ ወገን በቀር የለም። ሴቷ ቀይ፣ ወንዱ ገርጣ ብሎ የሚወጣ ዘር ለማግኘት ባሌና እኔ ፀጉራችን እስኪሸብት ስንመርጥ ኖርን። አንተም እጃችን ላይ አድገህ አይተሃል። ሌላ ቦታ የለም። እነዚህ ከታረዱ አለቀ።

ቶሎ ጻፍልኝ።

አክስትህ


ጥር 19 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ከእግርዎ ሥር ሆኜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ፈጣሪ ዕድሜውንም ብርታቱንም አብዝቶ ይስጥልኝ። ለአባዬ ጉልበት ቅባት በሹፌር ልኬያለሁ፤ ማታ ማታ ይቀባ። ጠዋት ከተቀባ መሪው ያዳልጠዋል።

እትዬ፣ ያስገቡ። ሙሉውን ያስገቡ። እዚህ የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ይፈረማል ነው የሚሉት። ሹማምንቱ የሚጣሉት ለካሜራ ነው። እናንተ የእኛን መኖ፣ እኛ የእናንተን ጫጩት ትተን የት እንደርሳለን?

ቀኑ ግን አልተመቸኝም። የጫጩት ቤቴ አሁን ባሉት ተይዟል፤ የሚለቀቀው በመጋቢት መባቻ ነው። ስለዚህ ለመጋቢት መባቻ እንዲደርሱ አድርገው ያስገቡልኝ። ከመውጫው ቀን አንድ ሌሊት ቢያልፍ ምን ይመጣል? ኬላው ያው ኬላ፣ ባለ ጺሙ ጠባቂም ያው ባለ ጺሙ ነው። ለአባዬ የመንገዱን መዝጊያ ግንድ ሳያነሳለት የቀረበት ቀን የለም።

ለጥንቃቄ ያህል ብቻ፣ ከመንግሥት የእንስሳት ሐኪም አንድ የጤና ወረቀት ቢያሠሩ አይከፋም።

ወሬ ልንገርዎ። ከከተማችን ጀርባ አንድ ኩባንያ ትልቅ መፈልፈያ ገንብቷል። ኮት የለበሱ ሁለት ሰዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ዶሮ ቤቱን ሲያዩ የሚያዩት ጫማቸውን ነው። "ስንት ዶሮ አለህ?" አሉኝ። "ቆመው አይቆጠሩልኝም" አልኳቸው። ሳቁ፤ ሻይ ጋበዙኝ፤ ሄዱ። ለወሬ ያህል ነው።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ደጃፍህን ክፉ እግር አይርገጠው። ልጅህን ያሳድግልህ። ቅባቱ ደርሷል፤ አባትህ በጠዋት ተቀብቶ ወጣ።

ማሽኑን ዛሬ ሞላሁት። አንተ ባልከው ቀን ነው፤ እኔ በመረጥኩት አይደለም። ይህን ልብ በልልኝ።

ሐኪሙ ጋ ሄጄ ነበር። ቢሮው ውስጥ ወንበር ላይ ወንበር ተደራርቧል፤ መሥሪያ ቤቱ ሊዛወር ነው አሉ፣ ወዴት እንደሆነ አያውቁም።

"ጫጩቶቼ ጤነኛ መሆናቸውን ጻፍልኝ" አልኩት።

"ለየትኛው አገር?"

"ለማዶ።"

"እስከ የካቲት መጨረሻ ከማዶ ጋር አንድ ገበያ ነን። በአንድ ገበያ ውስጥ የውጭ ንግድ ወረቀት አልጽፍም።"

"ከየካቲት መጨረሻ በኋላስ?"

"ያኔ ቅጹ ይመጣል።"

"ጫጩቶቹ የሚወጡት በዚያው ሌሊት ነው።"

"እማማ፣ እንቁላሉን የታቀፉት እርስዎ ነዎት፤ ቅጹን የታቀፈው ግን እኔ አይደለሁም" አለኝ።

ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ በተራ ወረቀት ላይ ሁለት መስመር ጻፈና ማኅተም መታበት። "ከምንም ይሻላል፤ ተቀባዩ ግን ኬላው ላይ ቢገኝ ነው የሚሻለው፤ ሰው ሲኖር ወረቀት ይለሳለሳል" አለኝ።

ትገኛለህ ወይ? ይህን መልስልኝ። አባትህ የመኪናውን ማሞቂያ አስጠግኗል፤ የጫጩት ሳጥኖቹን አጥቦ ፀሐይ ላይ ደርድሯል። ለሠርግ የተጠራ ይመስላል።

አክስትህ


የካቲት 21 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምታዬ ይብዛልዎ። እጄ ሥራ ላይ ስለሆነ አሳጥሬ እጽፋለሁ።

ከኬላው ማዶ ቆሜ እጠብቃለሁ። አባዬ ምንም እንዳያስብ። ደንበኞቼ ሁሉ ተመዝግበዋል፤ ቤቱም ይጸዳል። በዚህ ሰሞን ሬዲዮ አይስሙ፤ ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም።

የወንድምዎ ልጅ


መጋቢት 9 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥህ። ለቤተሰብህም ይስጥ።

የሆነውን ልጽፍልህ ነው። ከአባትህ አፍ እንደሰማሁት እጽፈዋለሁ፤ እሱ አንዴ ነግሮኝ ደግሞ አላነሳውም።

ሳይስማሙ ወጣን። ሌሊቱን ሬዲዮው ዘፈን ሲያሰማ አደረ። እኔ ማሽኑ ክፍል ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ ጫጩቶቹ ሁሉም ወጡ። እንዲህ ያለ ፍልፈላ ብዙ ዓመት አላየሁም፤ መሳቢያውን ስስበው ከግማሽ በላዩ ቀይ ነበር። አባትህ በዚያው ዕለት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጭኖ ወጣ።

የአንድ ቀን ጫጩት ሆዱ ውስጥ ይዞት የወጣው አስኳል ሦስት ቀን ያኖረዋል። ያለ እህል፣ ያለ ውኃ። ንግዳችን የቆመው በዚህ ላይ እንደሆነ ለአንተ አላስረዳህም። ወደ አንተ ቤት ደግሞ መንገዱ የግማሽ ቀን ነው።

ባለ ጺሙ ግንዱን አላነሳም። "ዛሬስ ስንት ነፍስ ይዘሃል?" ማለቱን ትቶ ወደ መስኮቱ መጣና "ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ነፍስ ያለው ነገር በዚህ አያልፍም። ሐኪም ባለበት በትልቁ ኬላ ነው" አለው። አባትህ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ሰውየው ግን አልሳቀም። "ከእኔ አይደለም" አለ።

ትልቁ ኬላ ሲደርስ መሽቷል። መኪናው መንገድ ዳር ካለው እርሻ ጀምሮ ተሰልፏል፤ ጎማ የጫነ፣ ቲማቲም የጫነ፣ ሬሳ ሳጥን የጫነም ነበር አለኝ። ሹፌሮቹ የጫጩቱን ድምፅ ሲሰሙ ወረፋቸውን ለቀቁለት። "እኛ ጎማ ነን፣ አንሞትም" አሉት። በእነሱ ደግነት በእኛ በኩል ያለውን ግንድ አልፎ በእናንተ በኩል ያለው ግቢ ገባ። እሑድ ነበር። ሐኪም እሑድ አይሠራም።

ሰኞ ሐኪሟ መጣች። ልጅ እግር ናት፤ ትሑት ናት አለኝ። የእኛን ሐኪም ወረቀት ገልብጣ አየችው። "ይህ የኅብረቱ ቅጽ አይደለም" አለች። ቀጥላም "ተቀባዩ የት አለ? እሱ ቀርቦ ቢፈርም፣ በእሱ ኃላፊነት ለይቶ ማቆያ ይገባሉ፤ ውኃም መኖም ያገኛሉ" አለች።

አባትህ ስልክ ደወለልህ። ልጅህ አነሳችው። እሷና አያቷ ጥቂት አወሩ።

ከዚያ በኋላ ልመለስ አለ። መኪናውን አዙሮ በእኛ በኩል ወዳለው ግንድ መጣ። የእኛ ጉምሩክ ደግሞ "እነዚህ ከውጭ የሚገቡ እንስሳት ናቸው፤ የማስገቢያ ፈቃድ አምጣ" አለው። "ከዚሁ እኮ ነው የወጡት፣ ትናንት አንተው ነህ ያሳለፍከኝ" ቢለው "ትናንት ሲወጡ ነው ያየኋቸው፤ ሲገቡ ግን የውጭ ናቸው" አለው። በሁለቱ ግንዶች መካከል ቆመ።

ድምፃቸው መጀመሪያ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነበር አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት አንድ በአንድ ይሰማው ነበር። ሹፌሮቹ በጠርሙስ ክዳን ውኃ አመጡ፤ ጣታቸውን እየነከሩ ምንቃራቸው ላይ ያንጠባጥቡ ነበር። ለስንቱ ይደርሳል? ከሰዓት በኋላ የኬላው ሰዎች ብረት ገንዳ አመጡለት። ጫጩቶቹን ራስህ ገልብጥ አሉት። ገለበጠ፤ ፈረመ። ባዶ ሳጥኖቹን ይዞ ሲመለስ ግን ማንም ምንም አልጠየቀውም።

እጠብቃለሁ ብለህ ነበር። ምን አገኘህ?

አክስትህ


ሚያዝያ 6 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምል አላውቅም። ፈጣሪ እርስዎንም አባዬንም ያጽናልኝ። ደብዳቤዎ ሃያ ቀን ፈጅቶ ነው የደረሰኝ፤ ፖስታውም በሌላ አገር ዞሮ መጣ። አንብቤ ሥራ መሥራት አቃተኝ።

ወደ ኬላው ስመጣ መኪናዬ መንገድ ላይ ቆመ። ስልኬን ቤት ረስቼ ነበር። ከዚያ ሚስቴን አሟት ነበር። ነገሩ እንዲህ ተደራረበብኝ። ትንሿ ልጅ በስልክ የሆነ ነገር ብላ እንደሆነ ልጅ ናት፣ የሆነውንም ያልሆነውንም ትቀባጥራለች።

ለነዳጅ የምትሆን ትንሽ ነገር ከዚህ ጋር አለች። አባዬ እንዳይቆጣ።

አሁን የሚሻለውን ልንገርዎ። ጫጩት አያልፍም። ለመፈልፈያ የሚሆን እንቁላልም እንደ እንስሳ ይቆጠራል፣ አያልፍም። ለምግብ የሚሆን እንቁላል ግን ቀረጥ ተከፍሎበት ያልፋል፤ ሐኪም አይጠይቁትም። አውራ ዶሮ ካለበት ቤት የተለቀመውንና ከሌለበት የተለቀመውን ማን በዓይኑ ይለያል? ስድስት ካርቶን ይላኩልኝ፤ ላዩ ላይ "ለምግብ" ብለው ይጻፉበት። የተቀባዩን ወረቀት አሠርቼ ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ። እዚህ እናስፈለፍለዋለን፤ ዘሩ ይተርፋል። ማሽን አግኝቻለሁ።

ብቻ ዶሮዎቹን እንዳይሸጡ። አደራ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 28 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ለልጅህና ለሚስትህ ጤና እመኛለሁ።

ልጅህ አልቀባጠረችም። አያቷ የነገረኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ፤ መጋቢት ላይ የተውኩት አንተው ትጽፈዋለህ ብዬ ነበር።

"አያቴ፣ ጫጩት መጣልን" አለችው።

"የት ነው የመጣው? እኔ ጋ ነው እኮ ያለው።"

"አይ፣ እኛ ጋ ነው። በትልቅ መኪና ነው የመጣው። ሁሉም ቢጫ ነው።"

"ቀይ የለበትም?"

"የለም። አባዬ ቤት እየከተታቸው ነው። ልጥራልህ?"

"ተይው የኔ ልጅ፣ አትጥሪው" አላት።

ስለዚህ ቤትህ ክፍት ነበር። ለሌላ ጫጩት ክፍት ነበር። ኮት የለበሱት ሰዎች ሻይ ብቻ አልጋበዙህም። ስምምነት ከመጣ የእኔን ልትወስድ፣ ካልመጣ የእነሱን፤ ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ነው ነገሩ። ብልህ ነህ። የተሰበረው ባላ ግን እኔ ነኝ፤ ተንጠልጥሎበት የነበረው ደግሞ አባትህ። ሳትመጣ መቅረትህን ይቅር እል ነበር። አያስገቡ ብለህ አንዲት መስመር ሳትጽፍልኝ መቅረትህን ግን ይቅር ማለት አቃተኝ።

ማሽን አገኘሁ ትላለህ። ማሽን በገበያ ላይ እንደ ባልዲ አይገኝም። ማሽኑ የእነሱ ነው። እንቁላሉን የፈለጉትም እነሱ ናቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል።

አሁን ደግሞ የሚገርምህን ልንገርህ። እንቁላሉን ልኬዋለሁ። ስድስት ካርቶን፣ አንድ በአንድ በመብራት አይቼ፣ ቅርፊቱ ጠንካራ የሆነውን መርጬ፣ ሹል ጫፉን ወደ ታች አድርጌ ደረደርኩት። ሹፌሩ ትናንት ይዞት ሄደ። ለአንተ ብዬ አይደለም። ዶሮ የማን ቤት እንዳለች አታውቅም። ባሌና እኔ የመረጥነው ዘር ከነአካቴው ከሚጠፋ፣ በእነሱም ቤት ቢኖር ይሻለኛል። ስሜ አይነሳ፤ ግድ የለኝም። ቀይ ሆነው ይውጡ እንጂ።

ከተጣለ አሥር ቀን ያለፈው እንቁላል ኃይሉ ይደክማል። እንደደረሰህ አስገባው፤ ጠዋት ነው ማታ ነው አትበል።

የእኛን ኑሮ ከጠየቅህ፣ መኖው ከእናንተ አገር ስለሚመጣ ዋጋው እጥፍ ሆኗል። ያረጁትን ሴት ዶሮዎች ሸጬ የቀሩትን መገብኩ። አባትህ ሥራ አግኝቷል፤ ትልቁ ኬላ ላይ ወረፋ ይጠብቃል። ሹፌሮቹ መኪናቸውን ይሰጡትና እነሱ ሄደው ይተኛሉ፤ እሱ መሪው ላይ ተቀምጦ በቀን አሥር ክንድ ወደ ፊት ይጠጋል። ጉልበቴን አያመኝም ይላል። የላክኸውን ገንዘብ አልነካውም፤ ሬዲዮው ሥር ነው።

መኖ የሚበቃኝ እስከ ሰኔ መግቢያ ነው። የሥጋ ነጋዴው በየሳምንቱ ይመላለሳል። እንቁላሉ መፈልፈሉን እስክሰማ ጥቂቶቹን ላቆይ እችላለሁ፤ ካልሰማሁ ግን የምጠብቀው ነገር የለኝም። በጎም ይሁን ክፉ፣ ከሰኔ በፊት ጻፍልኝ። ይህን ብቻ ነው የምጠይቅህ።

አክስትህ


ሰኔ 6 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ከመሬት ወድቄ ጤናዎን እጠይቃለሁ።

ስለ መጋቢት መባቻ የጻፉትን አንብቤዋለሁ።

ዝም ያልኩት መልካም ወሬ ይዤ ልጻፍ ብዬ ነው። እንቁላሉ ትልቁ ኬላ ላይ ተያዘ። ለምግብ ከሆነ ተመርምሮ ማኅተም ይመታበት አሉ፤ እስኪመረመር ድረስ ደግሞ ብርድ ቤት አስገቡት። የምግብ እንቁላል እንደዚያ ነው የሚያዘው። ይህ የመፈልፈያ ነው፣ ብርድ ይገድለዋል ብዬ መናገር አልቻልኩም፤ ብናገር ይወረስ ነበር። ሁለት ሳምንት ቆሞ እያንዳንዱ ላይ ቀይ ማኅተም ተመቶበት ወጣ። ደብዳቤዎ ከእሱ በኋላ ደረሰኝ።

የኩባንያው ባለሙያ አንዱን ሰብሮ አየና "ይህ ለጥብስ ነው" አለ። ለመንኩት። አንድ መሳቢያ ፈቀዱልኝ። በሳምንቱ በመብራት ሳየው ባዶ ነው፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ያበራል። አምስት ወይም ስድስቱ ላይ ግን ክር የመሰለ ደም ሥር ያየሁ መሰለኝ፤ ባለሙያው የለም አለ። ቀናቸው ትናንት ነበር። አንዱም አልሰነጠቀም። ነገ መሳቢያውን ባዶ አድርገህ አስረክበኝ ብሎኛል።

እትዬ፣ ደግመው ይላኩልኝ። በዚህኛው ግን መንገድ አግኝቻለሁ፤ ቋሊማ የሚያመላልስ ሹፌር በካቢናው ውስጥ ይይዘዋል፤ ብርድ ቤት አይገባም። ዶሮዎቹን እስከ ሐምሌ ብቻ ያቆዩልኝ። መኖውን እኔ እከፍላለሁ። ኩባንያውም ይከፍላል፤ አናግሬያቸዋለሁ። እርስዎም መጥተው ዘሩን ራስዎ ቢያዩት ደስ ይላቸዋል፤ ደመወዝ ያስቡልዎታል።

አባዬን ስልክ ደወልኩለት፤ አላነሳም።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 27 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን።

ደብዳቤህ ትናንት ደረሰኝ። ዶሮዎቹ የሉም።

መኖው ያለቀው ሰኔ መግቢያ ላይ ነው፤ እንዳልኩህ። ፖስታ ቤት በየቀኑ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ከሩቅ ስታየኝ ራሷን ትነቀንቅ ጀመር። በመጨረሻ የዱቄት ቤቱን ጥራጊ ለምኜ ሁለት ቀን መገብኳቸው። ከዚያ ነጋዴውን ጠራሁት።

መጥቶ አንዷን በክንፏ አነሳና "ይቺ አጥንት ናት" አለኝ።

"ለእንቁላል ነው የመረጥናት" አልኩት።

"እኔ የምሸጠው እንቁላል አይደለም፣ እማማ። ደግሞ ሁሉም ሰው እየሸጠ ነው፤ ማቀዝቀዣዬ ሞልቷል።"

ባለው ዋጋ ሰጠሁት። አውራዎቹን ለመያዝ አስቸገሩ። አንዱ ጣሪያው ሥር ካለው እንጨት ላይ ወጥቶ ከሰዓት ድረስ አልወርድ አለ፤ የነጋዴው ሰዎች ትተውት ሊሄዱ ነበር። እኔ ነኝ ያወረድኩት። ያውቀኛል፤ እጄን ሲያይ ወረደ። አንዱን ብቻውን አስቀርቼ ምን አደርገዋለሁ?

ያንተ ደብዳቤ የተጻፈው እነሱ ከሄዱ በአራተኛው ቀን ነው። ቀኑን አይቼዋለሁ። መልካም ወሬ ይዤ ልጻፍ ብዬ ነው ትላለህ። "ብርድ ቤት ገብቷል፣ ዶሮዎቹን ያቆዩልኝ" የምትል አንዲት መስመር ግንቦት ላይ ብትመጣልኝ ሌላ እንቁላል ይጣል ነበር። አንተ ከልጅነትህም ጀምሮ ክፉ ወሬ ይዞ መምጣት ትፈራለህ። ሳጥን ሲወድቅብህ ከቤት ጀርባ ተደብቀህ ትውል ነበር፤ ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ግን ማንም ሳያነሳቸው ይቆዩ ነበር።

ደመወዝ ያስቡልኛል ያልከውን አይቼዋለሁ። ለማሳየት የሚሆን ዶሮ የለኝም፤ ዕድሜዬ ደግሞ ለመንገድ አይሆንም። መፈልፈያ ቤቱን አንድ ትራንዚተር ተከራይቶታል። ወረቀታቸው ያላለቀ ዕቃዎች ያስቀምጥበታል፤ የቧንቧ ዕቃ፣ ጎማ፣ የሕፃን ጋሪ። ዕቃ አይሞትም፤ ይቀመጣል። አባትህ ቁልፉን ይዞ ከወረፋ ሲመለስ ይጠብቅለታል። ስልክህን ያላነሳው ቂም ይዞ አይደለም። እኔም ስለ መጋቢት ዳግመኛ አልጽፍልህም።

አንድ ነገር ብቻ።

ክር አየሁ ያልካቸው አምስት ስድስቱ። ይህ ወረቀት እስኪደርስህ መሳቢያው ከታጠበ ብዙ ቀን እንደሚሆነው አውቃለሁ። ፖስታው ሃያ ቀን ይፈጃል፤ ጣቴን እየቆጠርኩ ነው የምጽፈው። ቢሆንም ምናልባት ባለሙያው ረስቶት፣ ምናልባት አንተ ለምነህ፣ እንቁላሎቹ አሁንም አንድ ጥግ ላይ ሙቀት ውስጥ ካሉ፦

ብርድ ያገኘው እንቁላል ይዘገያል። አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ሁለት ቀን። ሰው ይህን ስለማያውቅ ቶሎ ይጥለዋል። ለብ ባለ ውኃ ጨርቅ ነክረህ አልብሳቸው፤ የማሽኑን በር አትክፈት፣ ማንም አይክፈተው። ከዚያ አንድ በአንድ ጆሮህ ላይ አድርገህ ስማ። ቅርፊቱን ከውስጥ ሲመታ በጣም ትንሽ ድምፅ ነው፤ ጥፍር በጥፍር ሲነካ እንደማለት። አንተ ጆሮህ ደህና ነው፤ ከእኔ ቀድመህ ትሰማ ነበር።

ዝም ቢልህም አንዴ አዳምጠህ አትጣለው። አስቀምጠህ ቆይተህ ደግመህ ስማው።

አክስትህ